ጊታሩን የተጫወተው ማን ነው?

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የጋዜጣችሁን የኪነ ጥበብ ገጽ ለብዙ ዓመታት ስከታተል የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ስለ አዳዲስ አልበሞች በምታወጧቸው ዘገባዎች ውስጥ ዘወትር ጎድሎ የማገኘውን አንድ ነገር ላነሳ እፈልጋለሁ፤ እርሱም የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾቹ ስም ነው። ጉዳዩን እንዳስተውል ያደረገኝ በፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር የቀረበልን አንድ ጥያቄ ስለሆነ፣ አስቀድሜ ስለዚያ ክርክር ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና ከበን የምንቀመጥ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን መምህራን ነን፤ አንዱ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። የሚያገናኘን የሮክ ሙዚቃና ጊታር ሲሆን ክርክራችንም ሁልጊዜ ያው ነው፦ ከጊታሪስቶች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? ተማሪዎቹ ፍጥነትን ስለሚያደንቁ፣ ሁለቱንም እጆቹን በጊታሩ አንገት ላይ አውጥቶ ድምፆቹን እንደ ዝናብ የሚያወርደውን ኤዲ ቫን ሄለንን ያስቀድማሉ። እኔ ደግሞ ሲዘፍን ጊታሩን ዝም የሚያሰኘውን፣ ጊታሩን ሲጫወት አፉን የሚዘጋውን፣ በአንዲት ክር ላይ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ሌላው በመቶ ድምፅ የማይናገረውን የሚናገረውን ቢ.ቢ. ኪንግን እመርጣለሁ፤ እርሱ የብሉዝ ሰው ቢሆንም ከእርሱ ያልተማረ የሮክ ጊታሪስት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስን ግን ማናችንም አናስነካም። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹንም ለእጁ እንዲስማሙ መልሶ አስሮ ይጫወት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በውድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታሩ እያስጮኸ የተጫወተ፣ በቀጣዩ ዓመት በ27 ዓመቱ የሞተ ሰው ስለሆነ፣ ስሙ ሲነሳ ክርክሩ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል።

እንጨት ሠራተኛው ጓደኛችን ከሁላችን የተለየ ምርጫ አለው። የግራ እጁን የቀለበት ጣት ጫፍ መጋዝ ስለወሰደበት ጊታር መማሩን ለዓመታት ትቶት ነበር። መልሶ እንዲጀምር ያደረገው የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት የቶኒ አዮሚ ታሪክ ነው። አዮሚ በበርሚንግሃም በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ገና በ17 ዓመቱ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት፤ ግራኝ ስለነበረ ደግሞ ያ እጁ ክር የሚጫንበት እጁ ነበር። ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት የፋብሪካው አለቃ ሁለት ጣቶቹ በእሳት የተጎዱበትን የጃዝ ጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆቡን በቆዳ ሸፈነው፤ ቀጫጭን ክር መረጠ፤ ቆይቶም ጣቱ እንዳይቸገር ክሮቹን አላልቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቃኛቸው ጀመር። ያ የላላና የከበደ ድምፅ ዛሬ ሄቪ ሜታል ለሚባለው ሙዚቃ መለያው ሆነ። ጓደኛችን ይህን ታሪክ ከሰማ በኋላ ከወፍራም ቆዳ የጣት ቆብ ሰፍቶ ወደ ጊታሩ ተመለሰ። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት አንገቱን ጠርቦ፣ የሞተር ብስክሌት ሞላ ጨምሮበት ጊታሩን በቤቱ መሥራቱንም ሲሰማ፣ ከዋንዛ እንጨት ጊታር ለመሥራት ተነሳ። በርጩማና ወንበር ሲጠርቡ በኖሩ እጆች ከተማ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አስቸጋሪው የጅማ እርጥበት ነው፤ እንጨቱን ያጣምመዋል፣ ክሩንም በጥቂት ሳምንታት ያዝገዋል።

እንዲህ ስንጨዋወት በነበረበት በአንዱ ቅዳሜ፣ በቡና ቤቱ ራዲዮ አንድ የካሴት ዘመን ዘፈን ተከፈተ። መግቢያው በጊታር ነው፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ በአፋችን ልናዜመው የምንችለው መግቢያ። ከጎናችን ተቀምጠው ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ አዛውንት ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ልጆች፣ የፈረንጁን ጊታር ከነክሩ ውፍረት ስታውቁት እሰማለሁ። ይኼንንስ የሚጫወተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። የድምፃዊውን ስም ነገርናቸው። «እርሱንማ አውቀዋለሁ፤ ጊታሩን ነው የጠየቅኋችሁ» አሉን። አምስታችንም መልስ አልነበረንም።

የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ አባቴ ያስቀመጧቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ አወጣኋቸው። በአብዛኞቹ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ፣ የዘፈኖቹ ርዕስና የአሳታሚው ስም አለ፤ በጥቂቶቹ ላይ የባንዱ ስም ተጽፏል፤ ጊታሩን፣ ቤዙን ወይም ከበሮውን የተጫወተው ሰው ስም ግን በሁለት ወይም በሦስት ካሴቶች ላይ ብቻ፣ በደቃቃ ፊደል ይገኛል። የጊታሩ ድምፅ በሕዝቡ ጆሮ ውስጥ ለአርባ ዓመታት ሲኖር፣ የባለቤቱ ስም ግን ከካሴቱ ሽፋን እንኳ አልደረሰም። በዚህ አዝኛለሁ፤ ይበልጥ ያሳዘነኝ ደግሞ እኛው የጊታር አፍቃሪ ነን ባዮቹ እስከዚያች ቀን ድረስ አለመጠየቃችን ነው።

ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ስብሰባችን መልኩ ተለወጠ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወታቸውን ዘፈኖች እየከፈትን ድምፁን ትተን ጊታሩን ብቻ መከታተል ጀመርን። ሊድ ጊታሩ የሰላም ስዩም፣ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ መሆኑን አውቆ መስማት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ጊታሩ የድምፃዊውን ሐረግ አይሸፍንም፤ ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ገብቶ መልስ ይሰጣል፤ ቢ.ቢ. ኪንግ ከራሱ ድምፅ ጋር በጊታሩ የሚያደርገውን ንግግር እዚህ ሁለት ሰዎች ይካፈሉታል። ሰላም ስዩም ከዚያም በኋላ፣ በካሴት ዘመን እጅግ ብዙ ድምፃውያንን ባጀበው በሮሃ ባንድ ውስጥ ተጫውቷል። ስለዚህ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ጣቱን ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ተማሪዎቹን የበለጠ ያስደነቃቸው ግን የቅኝቱ ነገር ነው። ሮክ ጊታር የሚማር ጀማሪ በየትም አገር ቢሆን መጀመሪያ ጣቱን የሚያለማምድበት ባለ አምስት ድምፅ መሰላል፣ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው፣ በድምፆቹ ከእኛ ባቲ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ነው፤ ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚባለውም ከትዝታ ሜጀር ጋር እንዲሁ። ከባዕድ አገር የመጣ ጥበብ እየተማሩ የመሰላቸው ልጆች፣ ድምፆቹን ክራር ከሚደረድር ጎረቤታቸው ሲሰሙት እንደኖሩ ተገነዘቡ። ልዩነቱ ያለው ድምፁ በሚነካበት፣ በሚጎተትበትና በሚያርፍበት መንገድ ላይ ነው። የሮክ ጊታሪስት ክሩን በጣቱ ገፍቶ ድምፁን ሽቅብ ይጎትተዋል፤ የእኛ ተጫዋች ደግሞ እንደ መሲንቆ ተንሸራትቶ ይደርስበታል። አንቺሆዬን በጊታር ለመጫወት ስንሞክር ግን የተማርነው የሮክ ጣት አወጣጥ ሁሉ አልረዳንም፤ ተቀራርበው የተቀመጡት ድምፆቹ ሌላ ልምምድ ጠየቁን፤ እስከ ዛሬም እየታገልነው ነው። የአገራችንን ቅኝቶች ከምዕራቡ ዓለም መሣሪያና ስልት ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም ያሰማው ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ማለትም ሄንድሪክስ ሲያትል ውስጥ በተወለደ በዓመቱ ነው። እርሱ የተጫወተው ቫይብራፎን እንጂ ጊታር ባይሆንም፣ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጊታራቸውን የያዙበት ሁኔታ ራሱ ተለወጠ። ጃኖ ባንድም በቅርብ ዘመን ሮክን ከአገራችን ዜማ ጋር አጣምሮ ሲመጣ፣ ልጆቹ ስለ ጊታሩ ሊጠይቁ የፈለጉት ጥያቄ ብዙ ነበር፤ ያነበቧቸው ዘገባዎች ግን በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ ድምፃውያኑ ነበር።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ነገር ከባድ አይመስለኝም። ስለ አንድ አዲስ አልበም ስትዘግቡ፣ የዜማና የግጥም ደራሲውን ስም እንደምትጽፉት ሁሉ ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ኪቦርዱንና ከበሮውን የተጫወቱትን ሰዎች ስምም ጻፉ። ሙዚቀኛ ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ስለ ትዳሩና ስለ መኪናው ከምትጠይቁት ይልቅ ጊታሩን እንዴት እንደሚቃኝ፣ በፒክ ይሁን በጣቱ እንደሚጫወት፣ የመጀመሪያውን ኮርድ ማን እንዳሳየው ጠይቁልን። የውጭ ጊታሪስቶችን በደረጃ የሚዘረዝር ጽሑፍ ስታወጡም፣ እገሌ አንደኛ እገሌ ሁለተኛ ከማለት አልፋችሁ እጃቸው ምን እንደሚሠራ አስረዱን፤ የአዮሚ የጣት ቆብ ታሪክ እንጨት ሠራተኛ ጓደኛዬን ወደ ጊታሩ የመለሰውን ያህል፣ የደረጃ ሰንጠረዥ ማንንም ሊመልስ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በካሴት ዘመን በየስቱዲዮው የተጫወቱ ጊታሪስቶች ዛሬም በመካከላችን ስላሉ፣ በየትኛው ዘፈን ላይ እንደተጫወቱ ራሳቸው እንዲጽፉላችሁ በጋዜጣችሁ ላይ ጥሪ አቅርቡላቸው።

እኛም በበኩላችን ጀምረናል። እንጨት ሠራተኛው ጓደኛችን ለአባቴ ካሴቶች ከዋንዛ ሳጥን ሠርቶላቸዋል፤ ከሳጥኑ ጋር አንድ የተማሪ ደብተር አለ፤ የአንድን ዘፈን ተጫዋች ማንነት በእርግጥ ባወቅን ቁጥር የዘፈኑን ርዕስ፣ ባንዱንና የተጫዋቹን ስም ቀኑን ጠቅሰን እንጽፍበታለን። አዛውንቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር መቀመጥ ጀምረዋል፤ በወጣትነታቸው መድረክ ላይ ያዩዋቸውን ተጫዋቾች እየነገሩን ደብተሩ ሦስተኛ ገጹን ጨርሷል። ጋዜጣው ሊጠቀምበት ከፈለገ ቅጂውን አዘጋጅተን ወዲያውኑ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ