ጥርሱ ይቆይ፣ አባባ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን ናት።

ጥርስ ካነሳሁ አይቀር፣ መንጋጋዎን ሊያስነቅሉ ብለው የልብ ክኒንዎን እንዳቆሙ ሰማሁ። ያውም ከሰው።

አባባ፣ ስቴንቱ፣ ያ የልብዎን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው የብረት መረብ፣ ሲገባ ቧንቧው ተከፈተ እንጂ ገና አልዳነም። ስቴንቱን የሚያሰፋው ትንሽ ፊኛ ሲነፋ የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ይልጠዋል። ያ ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ግን ደሙ እንዳይረጋ የሚጠብቀው እሱ ነው። በተላጠው ቦታና በብረቱ ላይ ፕሌትሌቶች፣ ደም የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ቅንጣቶች፣ ወዲያው ይለጠፋሉ። ሽፋኑ የሚመለሰው ከዳር ነው። የተረፉት ሕዋሶች እየተባዙ ወደ ባዶው ቦታ ይጓዛሉ፤ የተላጠ ጉልበት ከዳር እንደሚገጥመው። የእርስዎ ስቴንት ደግሞ መድኃኒት የተቀባ ነው። መድኃኒቱ ሥጋ በዝቶ ቧንቧው እንደገና እንዳይጠብ ይከላከላል፤ በዚያው ግን ሽፋኑንም ያዘገያል። ፕሌትሌቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርጉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር፣ የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ብረቱ ሳይሸፈን ካቋረጡ ደም ረግቶ ድንገት ሊደፍነው ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልብና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፤ ለጥርስ ተብሎ፣ የልብ ሐኪም ሳይጠየቅ አይቋረጥ።

ድድ ቢደማ በፋሻ ተጭነው ያቆሙታል። የልብ ቧንቧ ቢደፈንስ?

ሲጋራዋም ሽፋኑን ታዘገያለች። «በሰንበት ብቻ ነው» እንዳይሉኝ።

ተቆጣች ይሉ ይሆናል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። እማዬ ስትታመም «ፈተና አለባት፣ አትንገሯት» ያሉት እርስዎ ነበሩ። መርዶ ነጋሪዎቹ በማለዳ በሬን አንኳኩ። ዛሬም በጠዋት በር ሲንኳኳ ሰውነቴ ይርዳል። ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። መሬትዎን ሸጠው የላኩኝም እርስዎ ነዎት። ግን አልወጣልኝም። አሁን ደግሞ ይሄ ክኒን።

ዛሬውኑ ለልብ ሐኪምዎ ይደውሉ፣ እንዴት እንደሚጀምሩ ይንገሩዎ። ክኒኑ ካለቀ የሚመጣ ሰው አይጠብቁ፤ እዚያው ይግዙ፣ ብሩን አስገባለሁ። ጥርሱ ሐኪሙ ሲፈቅዱ ይነቀላል። ደረትዎን ካመመዎ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ ከዚያ ለእኔ ያስደውሉልኝ። ለእህቴ አይደለም፣ ለእኔ።

ልጅዎ