የቆርቆሮው ቤት ይቆይ
ልጄ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን። ቡችላ ልታመጡ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ባለቤትሽ ግን በር ላይ የቆርቆሮ ቤት ሊሠራለት፣ ሰንሰለትም ሊገዛለት አስቧል አልሽኝ። ቤቱ ይሠራ፣ ግን ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቡችላው ከእናንተ ጋር ውስጥ ይደር።

ውሻ ሰውን፣ ሕፃንን፣ እንግዳንና ድምፅን በደንብ የሚለምደው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ይህን ጊዜ ታስሮ ካሳለፈ ሲያድግ ሁሉን ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ብዙ ሰው «ታስሮ ካላደገ ቤት አይጠብቅም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤት የሚጠብቀው ቤተሰቡን የሚወድ ውሻ ነው። ያየውን ሁሉ የሚናከሰው ለጎረቤትም ለልጅሽም ስጋት ነው።

8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ባለቤቶቹ «መብላት ጀምሯል፣ ውሰዱት» ቢሉም ታገሡ። ሲጫወት ንክሻውን ማለዘብ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው።

ለመኝታው ከበር ንፋስ የራቀ የሳሎን ጥግ ምረጪ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ እንዳይተኛ። የጥቅምትን ሌሊት ታውቂዋለሽ። በአንድ ጎኑ የተከፈተ ካርቶን፣ ከሥር የታጠፈ ጆንያ፣ ከላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃዋል። ከእናቱ ጋር ሲተኛበት ከነበረው ጨርቅ ቁራጭ ለምኚና ካርቶኑ ውስጥ አድርጊለት፤ ሽታዋ ያረጋጋዋል። ብርዱ ከጠና ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሙይና በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቡ አስቀምጪ። ለማሞቂያ ብላችሁ ግን በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳታሳድሩ። እሱንም እናንተንም ይገድላል።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለቅሳል። አትቆጡት፤ እናቱን እየፈለገ ነው። ካርቶኑን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉትና ሲያለቅስ እጅሽን ዘርግተሽ ዳበስ አድርጊው። ሲለምድ ወደ ሳሎን ትመልሱታላችሁ። ቀንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ቡችላ ከ24 ሰዓት ውስጥ 18 እና ከዚያ በላይ ሊተኛ ይችላል። ለልጅሽ በደንብ ንገሪያት፦ ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ማንም አይጎትተውም፣ ማንም አይቀሰቅሰውም።

የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ2 ሰዓት በላይ መያዝ ይከብደዋል። ሲነቃ፣ ሲበላና ተጫውቶ ሲጨርስ ወደ ግቢ አውጡት፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ ቦታ። ሲሸና አሞግሱት። ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን እዚያው ማሸት የሚባለውን ነገር ተዉት። ከዚያ የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው።

ቤቱንም አስተካክሉ። ማከፋፈያውንና የቲቪውን ገመድ ከፍ አድርጉ፤ ጥርስ የሚያወጣ ቡችላ ያገኘውን ያኝካል። በረኪናውንም አንሱ። የአይጥ መርዝ ካለ ጨርሶ ከግቢው ይውጣ። ቡና ሲፈላ ደግሞ ረከቦቱም ምድጃውም መሬት ላይ ናቸው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ይያዘው። የቡና አተላ ለውሻ መርዝ ነው።

ምግቡን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ለመጀመሪያው ይሆነዋል። ሐኪሙ ሲያየው ለእድገቱ የሚጎድለውን ይነግራችኋል። ከወጣችን ግን አይቅመስ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳሉ። የላም ወተት ብዙ ቡችላዎችን ያስቀምጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለእኛ ነው። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል።

አሁን የምነግርሽን ለነገ አትበይው። እንደመጣ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ይስጠው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። እስኪጨርስ መንገድ ላይ አታውጡት፣ የማታውቁት ውሻም አይጠጋው። ፓርቮ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ከእናንተ በፊት እዚያ ግቢ ውሻ ታሞ ሞቶ እንደሆነ አከራያችሁን ጠይቁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወሩ ይሰጣል። ይህ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ልጅሽን የማንም ውሻ ቢነክሳት ወይም ቢቧጭራት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቅጽበት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። «ትንሽ ጭረት ናት» የሚል ሰው አትስሙ።

የውጪውን ቤት ክትባቱን ጨርሶ ጠንከር ሲል እንሠራለታለን። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ እንጨት ይሻላል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ በሩም ንፋስ ወደማይመጣበት ወገን ይዙር። ባለቤትሽ እንጨቱን ከመግዛቱ በፊት ይደውልልኝ፣ ልኩን አብረን እናወጣለን።

አባትሽ