ቅዳሜ እንጦጦ፦ ፊልም ካሜራችሁን ይዛችሁ ኑ

ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ በፊልም ካሜራ ፎቶ ልናነሳ እንጦጦ እንወጣለን። ከጠዋቱ 12:30 ሽሮ ሜዳ፣ የእንጦጦ ታክሲ መያዣው ጋ እንገናኝ። ፀሐዩ ሳይከር መድረስ ስላለብን አታርፍዱ።

ለአንድ ሰው አንድ ባለ 36 ፎቶ ፊልም ይበቃል። እንደ ስልክ አንስቶ መሰረዝ የለም፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። የካሜራችሁ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) የሞተባችሁ እንዳትቀሩ፤ በጠራ ፀሐይ ባለ ISO 200 ፊልም (ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ በ1/250 ሰከንድ ማንሳት ነው። የኋላ ክዳኑ ስፖንጅ ያለቀበት ካሜራ ብርሃን ያስገባል፣ ጥቁር ፕላስተር ያዙ። እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ሳታስፈቅዱ እንዳታነሱ።

አደራ፣ ፊልሙ መያዙን እዩ። ባለፈው የኔዋ ዜኒት ካሜራ ቆጣሪዋ 36 እስኪሞላ ቀጭ ቀጭ ስትል ዋለች፣ ለካ ፊልሙ ቆርቆሮው ውስጥ ተኝቷል! ፊልሙን ስታሳልፉ በግራ ያለችው የፊልም መጠቅለያ እጀታ አብራ ካልዞረች አልያዘም ማለት ነው። (ያን ቀን ያነሳኋችሁ፣ ይቅርታ፣ ፎቶው የለም።)

ማሳጠቢያውን አብረን እናዋጣ ወይስ ለየብቻ? የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ፤ ትርፍ ፊልም ያለውም ይናገር።