ለደንበኞቻችን፦ ጀርመን ሳይደርሱ የቋሚ ቤት ውል ለምን አናፈራርምም

ውድ ደንበኛችን፣

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ጀርመን የሚሄዱ ደንበኞቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ከዚሁ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ቋሚ ቤት ጨርሱልኝ፤ መያዣውን አሁኑኑ ልላክ።» ይህን አንሠራም። የምንሠራው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ወራት የሚያርፉበትን፣ በአድራሻውም በሕግ መመዝገብ የሚችሉበትን ክፍል መፈለግ ነው። ቋሚውን ቤት እዚያው ሆነው በዓይንዎ አይተው ይፈርማሉ። ጊዜያዊው ክፍል ወር በወር ሲታይ ከቋሚው እንደሚወደድ እናውቃለን። ያም ሆኖ ይህን መንገድ የምንመርጥበትን ምክንያት እንዲያውቁት ይህን ጽፈናል።

ከገንዘቡ እንጀምር። በጀርመን የቤት ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዋጋ ያያሉ። «ካልትሚተ» የሚባለው የቤቱ ኪራይ ብቻ ነው። «ቫርምሚተ» ደግሞ ማሞቂያ፣ ውሃ፣ ቆሻሻ ማንሻና የመሳሰለው ሲታከልበት ነው። መብራት አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ውስጥ የለም፤ ተከራዩ በራሱ ስም ውል ይገባል። ለማሞቂያና ለውሃ በየወሩ የሚከፍሉት ግምት ስለሆነ በዓመት አንዴ ሒሳቡ ይወራረዳል፤ በብርዱ ወራት ማሞቂያውን ሌት ተቀን ከፍቶ የኖረ ሰው ጭማሪ ይመጣበታል። በዚህ ላይ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ አለ። ቴሌቪዥን ባይኖርዎትም ይከፈላል፤ ግን የሚታሰበው በአንድ ቤት እንጂ በአንድ ሰው አይደለም።

መያዣው ከሦስት ወር ካልትሚተ መብለጥ አይችልም። ተከራዩም በሦስት እኩል ወርሃዊ ክፍያ የመክፈል መብት አለው፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚጠበቅበት ኪራዩ ሲጀምር ነው። ካልትሚተው 420፣ ተጨማሪው 110 ዩሮ የሆነ ክፍል እንውሰድ። የወሩ ኪራይ 530፣ ሙሉው መያዣ 1,260 ነው፤ ባንድ ጊዜ ከከፈሉ 1,790 ዩሮ ይሆናል። ተማሪዎች ለቪዛ ከሚያስገቡት የታገደ ሒሳብ (ሽፔርኮንቶ) ደግሞ በወር የሚለቀቀው 992 ዩሮ ብቻ ነው፤ በዓመት 11,904 መሆኑ ነው። መያዣውን በሦስት ከፍለው ቢሰጡ እንኳ የመጀመሪያው ወር 950 ዩሮ ይወስድና 42 ዩሮ ይተርፍዎታል። የተማሪ የጤና መድን ብቻውን በወር ከ140 ዩሮ በላይ ነው። ከዚህም ሌላ ገንዘቡ መለቀቅ የሚጀምረው በአብዛኛው እዚያ ደርሰው የባንክ ሒሳብ ከከፈቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ከታገደው ሒሳብ ውጭ ቢያንስ 2,000 ዩሮ ይያዙ፤ የውጭ ምንዛሪውን ጥያቄም ለባንክዎ ቀደም ብለው ያስገቡ፤ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

ከገንዘቡ ይልቅ ሰው የሚደናቀፈው በምዝገባው ነው። ቤት ከገቡ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው፤ «አንሜልዱንግ» ይሉታል። የኪራይ ውል ይዞ መቅረብ ብቻውን አይበቃም። አከራዩ «ይህ ሰው በዚህ ቀን ቤቴ ገብቷል» ብሎ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ስሙ ረጅም ነው፣ «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ»። ያለዚህ ወረቀት ምዝገባ የለም። ያለ ምዝገባ ደግሞ የግብር መለያ ቁጥሩ አይመጣም፤ ቁጥሩ የሌለው ሠራተኛ ከፍተኛው ግብር ይቆረጥበታል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውም የሚቀርበው ለተመዘገቡበት ከተማ ነው። ሆቴሎችና የአጭር ጊዜ የእንግዳ ማረፊያዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ወረቀት አይሰጡም። በማስታወቂያው ላይ «ምዝገባ አይቻልም» የሚል ክፍልም ርካሽ ቢሆን አይጠቅምዎትም። የወዳጅ አድራሻ ተውሶ ሳይኖሩበት መመዝገብስ? አድራሻውን የሚያውሰው ሰው እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል፤ ዘመድዎን እዚህ ውስጥ አያስገቡት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ የገቡ ዕለት ስምዎን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ። የግብር ቁጥሩ፣ የባንክ ካርዱ፣ የመድን ካርዱ ሁሉ በፖስታ ነው የሚመጣው። ስሙ ከሌለ ፖስተኛው መልሶ ይወስደዋል።

ወደ አጭበርባሪዎቹ እንምጣ። ዘዴያቸው ብዙም አይለወጥም። ቤቱ በሙኒክ ወይም በፍራንክፈርት መሐል ነው፣ ፎቶው ያማረ ነው፣ ዋጋው ከአካባቢው ግማሽ ነው። ባለቤቱ ለሥራ ሌላ አገር ሄዷል፤ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ መያዣውን ግን በታወቀ የኪራይ ድርጅት በኩል አስቀምጥ ይላል፤ የሚልከው ማገናኛም የዚያን ድርጅት ገጽ አስመስሎ የተሠራ ነው። እምነት እንዲያድርብዎ የራሱን ነው የሚለውን መታወቂያ ይልካል፤ መታወቂያው ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። የእርስዎንም ፓስፖርት ይጠይቃል፤ እሱን ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ያሳያል። እኛ ዘንድ ጥሩ ቤት ሲገኝ ቀብድ ጥሎ መያዝ የተለመደ በመሆኑ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ነውር አያየውም። እዚያ ግን ቤት ሳያዩና ውል ሳይፈርሙ ለማስያዣ የሚከፈል ገንዘብ የሚያስጠረጥር ነው። የፓስፖርት ቅጂ መላክ ግድ ከሆነም በላዩ ላይ «ለዚህ ቤት ማመልከቻ ብቻ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት። የደላላ ክፍያም ቢሆን ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚከፍለው ደላላውን ያሠማራው ወገን ነው፤ አከራዩ የቀጠረው ደላላ ከእርስዎ ኮሚሽን መጠየቅ አይችልም።

እኛ የምናገኝልዎት ጊዜያዊ ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ክፍያ አለው። ልዩነቱ የሚከፍሉት ለተማሪ ማደሪያ አስተዳደር ወይም አድራሻው ለሚታወቅ አከራይ ኩባንያ፣ በዚያው ስም በተከፈተ ሒሳብ መሆኑ ነው። ውሉ ላይም ምዝገባ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ እናስገባለን። ተማሪ ከሆኑ የዩኒቨርሲቲው መቀበያ ደብዳቤ በመጣበት ቀን የተማሪ ማደሪያዎችን ለሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ለ«ሽቱዲረንደንቨርክ»፣ የማደሪያ ማመልከቻ ያስገቡ። ቪዛውን አይጠብቁ፤ በትልልቆቹ ከተሞች ወረፋው ከአንድ ሴሚስተር ሊያልፍ ይችላል። የመኸሩ ሴሚስተር የሚጀምረው መስከረም 21 ገደማ ስለሆነ ነሐሴና መስከረም ፍለጋው የሚጨናነቅበት ወቅት ነው። ፍራንክፈርት ከከበደዎት ኦፈንባህን፣ ሃናውን፣ ዳርምሽታትን ይመልከቱ፤ በባቡር ቅርብ ናቸው።

ቋሚውን ቤት ሲፈልጉ አከራዩ የሚያየው የወረቀት ፋይልዎን ነው። የአገሬው ሰው የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትና «ሹፋ» የሚባለውን የብድር ታሪክ ማረጋገጫ ያቀርባል። አዲስ ለመጣ ሰው ሁለቱም የሉም፤ ይህንኑ ደብቆ ከማለፍ በግልጽ መናገር ይሻላል። በምትኩ የሥራ ውል ወይም የስኮላርሺፕ ደብዳቤ፣ የታገደው ሒሳብ ማረጋገጫ፣ ጊዜያዊው አከራይ «ኪራዩን በጊዜው ከፍሏል» ብሎ የሚጽፍልዎትን ወረቀት ያስገቡ። ይህ የመጨረሻው ወረቀት ጊዜያዊው ክፍል የሚሰጥዎት ተጨማሪ ጥቅም ነው። የመጀመሪያ መልእክትዎ ስድስት ሰባት መስመር፣ በጀርመንኛ፣ ማን እንደሆኑ፣ ገቢዎ ከየት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚፈልጉ የሚናገር ይሁን። ቤት ለማየት 16:30 ቢሉዎት በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መድረስ እንጂ ማርፈድ አያዋጣም።

ማስታወቂያው «ሁለት ክፍል» ካለ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ማለት ነው፤ ወጥ ቤቱ አይቆጠርም። ወጥ ቤቱ ምድጃም የዕቃ ማጠቢያ ገንዳም የሌለው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ከሌላ ተከራይ ላይ የሚከራዩ ከሆነ ዋናው አከራይ የፈቀደበትን ጽሑፍ ይዩ። ውሉ ጊዜ የተገደበለት ከሆነ ደግሞ መሐል ላይ ማቋረጥ በአብዛኛው አይቻልም። ገደብ የሌለውን ውል በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይለቃሉ፤ ማስጠንቀቂያው በእጅ የተፈረመ ወረቀት መሆን አለበት፣ ኢሜይል አይቆጠርም።

ቁልፍ ሲረከቡ የቆጣሪዎቹን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛት፣ እያንዳንዱን ጭረትና የሻጋታ ምልክት በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስጽፉ፤ ፎቶም ያንሱ። ሲወጡ መያዣው የሚቆረጠው በዚህ ሰነድ ላይ ባልተጻፈው ነገር ነው። ሻጋታ እንዳይመጣ በብርዱም ጊዜ ቢሆን መስኮቱን በቀን ሁለት ሦስቴ ወለል አድርገው ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ይክፈቱ። መኝታ ቤትና መተላለፊያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቡና ሲቆሉና ዕጣን ሲያጨሱ መስኮቱ ክፍት፣ የመኝታ ቤቱ በር ዝግ ይሁን።

ሥራውን ለመጀመር የመቀበያ ደብዳቤውን ወይም የሥራ ውሉን፣ የቪዛ ቀጠሮ ቀኑን፣ በወር ለኪራይ መክፈል የሚችሉትን ከፍተኛ መጠን (በቫርምሚተ)፣ ብቻዎን ወይም ከቤተሰብ ጋር መሆንዎን ይላኩልን። ከማኅበራዊ መገናኛ ያገኙት የቤት ማስታወቂያ ካለዎትም ገንዘብ ሳይልኩ አስቀድመው ያሳዩን፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ፍለጋ ክፍል