ቤታችን ድረስ ለመጣችሁልን ልጆች

ሰሞኑን መንዝን ቤት ለቤት እየዞራችሁ የፖሊዮ ጠብታ ስትሰጡ ለከረማችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በሙሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ድካማችሁን አይተናል። በዚህ ብርድ የክትባት ሳጥኑን ትከሻችሁ ላይ አንግታችሁ፣ መኪና የማይደርስበትን ገደል ስትወርዱና ስትወጡ ነው የከረማችሁት።

እኔን ልምሻ የያዘኝ ገና ዳዴ ስል ነው። ያኔ እኛ ቀዬ ጠብታ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። እናቴ አዝላኝ ያልሄደችበት ጠበል የለም። ግራ እግሬ ግን ሰልሎ ቀረ፣ እስካሁን በምርኩዝ ነው የምሄደው። እናንተን በር ላይ ሳይ ደስ ያለኝን ያህል እናቴም በኖረችና ባየች አልኩ።

አፋፉ ላይ ወዳለችው ቤት መንገድ ላሳይ አብሬ ሄጄ ነበር። ክርስትና ያልተነሳች አራስ ልጅ አለች። አያትየው «የሰው ዓይን አይያት» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ሌላ ሰው ቢሆን «አልተገኘችም» ብሎ መዝግቦ ያልፍ ነበር። በጎ ፈቃደኛዋ ግን አረፍ አለችና ብልቃጡን አውጥታ አሳየቻቸው። «እማማ፣ ይችን አራት ማዕዘን አዩዋት? ከዙሪያዋ ክብ ነጣ ያለች ናት። ሙቀት ካገኘው ትጠቁራለች፤ ከጠቆረች ለማንም ልጅ አልሰጥም።» እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን አሳየኋቸው። እማማ ዝም ብለው ቆዩና «በሉ ግቡ» አሉን። ሁለት ጠብታ፣ አለቀ። ሕፃኗ ፊቷን አጨማዳ ዋጠች፤ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ቀለም ተቀባች።

ለአንዲት ሕፃን ይህን ያህል ልፋት ለምን የሚል አለ። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ሳይታወቅባቸው ለሌላው ያስተላልፋሉ፣ ስለዚህ አንድም ልጅ አልታመመም ተብሎ ቤት አይዘለልም። ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት ቦታ ደግሞ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ራሱ ከልጅ ልጅ እየዞረ ተለውጦ ሊያሽመደምድ ይችላል። መፍትሔው ሁሉንም ልጅ መከተብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም አገራት ፖሊዮን እናጥፋ ብለው ሲነሱ በሽታው በዓመት 350 ሺህ ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ሮታሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1985፣ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረዋል። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተባለች። ያ ቫይረስ ዛሬም ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ያልተቋረጠባቸው አገሮች አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ብቻ ናቸው። እዚያ ልጅ ሊከትቡ ወጥተው የተገደሉ ብዙ ናቸው፤ እናንተን ሳመሰግን እነሱንም አስባለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

በቅሎ ላዋሳችሁ ገበሬ፣ በረዶውን ሌሊት ላደረሰው ሾፌር፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ላሉት አባታችንም ምስጋናዬ ይድረስ።

ለሚቀጥለው ዙር ስትመጡ ገደሉን ከመውረዳችሁ በፊት እኛ ቤት ጎራ በሉ። ቆሎም ጠላም አይጠፋም። አዲስ የተወለደ ያለበትን ቤት ሁሉ ጠይቄ እጠብቃችኋለሁ።