የፈረስ ክበብ፦ 13 ልብስ፣ አንድ ጠባብ ክፍል

ዘንድሮ ክበባችሁ ምን ሠራ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ልብስ ስናደርቅ ከረምን። ግልቢያው ነበር፣ ኮቴ ማጽዳቱም ጋማ ማበጠሩም ነበር፤ እሱ እንደ ሁልጊዜው ስለሆነ አላሰለቻችሁም። የዓመቱ ወሬ የፈረስ ልብስ ነው። አባላቱ ራሳቸው ክበቡን "ላውንደሪ" ብለውታል።

ለማታውቁት፣ ፈረስ በብርድና በዝናብ ጊዜ ልብስ ሊለብስ ይችላል። በተለይ ጸጉሩ ከተሸለተ፣ ካረጀ ወይም ከከሳ። ደረቱ ላይ በዘለበት ይቆለፋል፣ በሆዱ ሥር ደግሞ ማሰሪያ ይዞራል። ውጪ የሚለበሰው ውኃ አያስገባም፤ ጋጣ ውስጥ የሚለበሰው ለስላሳና ሞቃት ነው፤ ከግልቢያ በኋላ ላብ የሚያደርቅ ስስም አለ። ሙቀት የሚይዙት በውስጣቸው በተሞላው ነገር ነው። እሱም በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ይጻፍበታል፤ 0 ግራም ማለት ምንም ሙሌት የሌለው ስስ ልብስ ሲሆን 300 እና 400 ግራም ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ በሉት።

ፈረሶቻችን አራት ናቸው፦ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻና አንዲት ባዝራ። ልብሱ 13 ነው። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት፣ አንዱ ደግሞ የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ኮርቻና ልጓም በሞላበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምበት ክፍል ጥግ ላይ፣ ተቆልሎ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የታችኛውን ጫፍ አነሳችና "ቲቸር፣ ይሄኛው ነፍስ አለው!" አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይጥ የውስጡን ሙሌት ዘልዝላ ጎጆ ሠርታበታለች። ልጆቿም እዚያው ነበሩ። ከጎኑ ያለው ደግሞ ሻጋታ አብቅሏል።

እኔ ችግሩ የቦታ መሰለኝ። ተጨማሪ ክፍል አልነበረንም። ስለዚህ መደርደሪያ ሠራን፤ ልብሶቹን እያጠፍን ደረደርን፣ አምሮብን ፎቶም ተነሣን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ ከበፊቱ ብሶ ሸተተ። ለካ ስናጥፋቸው እርጥብ ነበሩ። ላዩን በእጅ ስትነኩት ደረቅ ይመስላል፤ የውስጡ ገበር ግን የፈረሱን ላብ ጠጥቶ ተቀምጧል። አንዱን ውጪ የሚለበስ ልብስ በሚዛን ሰቀልነው። ደረቅ ሳለ 4 ኪሎ አካባቢ የነበረው ዝናብ ካደረበት በኋላ ከ6 ኪሎ አለፈ። ውኃ አያስገባም ተብሎ እኮ ነው! ያን ጊዜ ነው መከላከያው እንዳለቀበትም ያወቅነው።

ሻጋታ ደግሞ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈረስ እንደኛ በአፉ አይተነፍስም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው። ከሻገተ ልብስና ከድርቆሽ የሚነሣው ብናኝ ሳንባውን ያስቸግረዋል። ቦራ ያለማቋረጥ ሲያስል የሰነበተው ምናልባት በዚህ ሊሆን ይችላል። ጉራቻ ላይ ደግሞ ጭርት ወጣ፤ ክብ ክብ እየሆነ ጸጉሩን አራገፈው። የጭርት ፈንገስ በልብስና በብሩሽ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል፣ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፣ ወደ ሰውም ይሻገራል። አንድ አባላችን ክንዱ ላይ ወጥቶበት እናቱ ደውለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ከዚያ ቀን ወዲህ መዋዋስ ቀረ። የየፈረሱን ልብስ በክር ቀለም ለየነው፦ ዳማ ቀይ፣ ቦራ ሰማያዊ፣ ጉራቻ ቢጫ፣ ባዝራዋ አረንጓዴ።

አሁን ወደ ማድረቁ። መደርደሪያውን አፈረስነውና በእንጨቱ አምስት የመስቀያ ክንዶች ሠራን። ክንዶቹ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ ተይዘው እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣሉ። ልብስ ሲደርቅ ይዘረጋሉ፣ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። በሁለት ልብስ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር አየር ካልገባ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ገበሩ ወደ ውጪ ይገለበጣል። ይቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኛ ግን ትልቁን ልዩነት ያመጣችው እሷ ናት።

ሁለተኛው መዘውር ነው። ወለሉ ሲሞላ ወደ ላይ አየን። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣራው ሥር ያለው ቦታ ለማድረቅ ይመቻል፣ የሚጠቀምበትም የለም። አንድ ረጅም እንጨት በገመድ አንጠልጥለን ወደ ላይ ሳብን። የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ገመዱን መሐል ላይ ብቻ ስላሰርነው እንጨቱ ወደ አንድ ወገን ጋደል አለና ልብሶቹ ተራ በተራ ዘጭ ዘጭ አሉ። አሁን በሁለቱም ጫፍ ታስሯል። የሚሰቀለው መተላለፊያው ላይ ነው፤ ከፈረስ ራስ በላይም ከድርቆሽ በላይም አይሆንም።

ከፈረስ ራቅ ማለት ያለበትን ምክንያት ዳማ አስተምሮናል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የእኛው ግን በሩ ላይ የሰቀልንለትን ልብስ በጥርሱ ይዞ ሲዋጋ አደረ፤ ጠዋት ግማሹን ከጭድ ውስጥ ለቀምነው። የተቀደደው ይቅር፣ የተንጠለጠለ ማሰሪያ ኮቴ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ስለዚህ ዘለበቱ ሁሉ ሳይቆለፍ የሚሰቀል ልብስ የለም።

ነፋስ ፍለጋ መስኮቱ ላይ የሰቀልንበትም ሳምንት ነበር። ልብሱ ቶሎ ደረቀ፤ ጋጣው ግን ታፈነ። ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ዓይን ማቃጠል ጀመረ። አወረድነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናምጣ ያሉም ነበሩ፤ ድርቆሽ፣ ጭድና አቧራ ባለበት ቤት ማሞቂያ? በዚህ ላይ ክርክር እንኳ አልከፈትኩም። ፀሐይ ሲወጣ ደጅ እናወጣለን፣ ግን ቀኑን ሙሉ አናሰጣም። ኃይለኛ ፀሐይ ጨርቁንም ውኃ መከላከያውንም ይጎዳል። ነፋስ ያለበት ጥላ ይሻላል። ጭቃውንም እርጥብ ሳለ አትፈትጉት፣ ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፋል።

መጨረሻ ላይ ቆጠርን። ሁለቱ የማይጠገኑ ሆነው ተጣሉ። ሦስቱ ለወቅቱ የማያስፈልጉ ስለሆኑ አጥበን አስቀመጥናቸው። ውኃ የማያስገባውን በ30 ዲግሪ፣ በለዘብተኛ ሳሙና ነው ያጠብነው፤ ማለስለሻ አልነካውም፣ ማድረቂያ ማሽንም አልገባም። እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። አንዱን እኔው ራሴ፣ ደርቋል ብዬ፣ በፕላስቲክ አሽጌ አስቀምጬ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስከፍተው ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። አሁን ሦስቱም አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ሆነው ከጣራው በሽቦ ተንጠልጥለዋል።

የቀሩት ስምንት ናቸው። አምስቱ በክንዶቹ ላይ፣ ሦስቱ በመዘውሩ ላይ። ልክ ሆነ! ተረኛው በየጠዋቱ እጁን ገበሩ ውስጥ ከትቶ ይፈትሻል፣ ካልደረቀ አይታጠፍም። ቦራ ማሳሉን ቀንሷል። ጉራቻም በሐኪሙ መድኃኒት ጸጉሩ እየተመለሰ ነው።

አይጧ ግን አልሄደችም። ባለፈው ሳምንት ጥግ ላይ ጠቅልዬ የረሳሁትን የዝናብ ካፖርቴን ሳነሳ ኪሱ ተበልቷል። ተማሪዎቹ ምንም ሳይሉ ተቀብለውኝ፣ ገበሩን ገልብጠው፣ ዘጠነኛ አድርገው መዘውሩ ላይ ሰቀሉት።