ያገለገለ የፓራሹት ቦርሳ በቀለሙ አይገዛም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ፓራሹት መሣሪያ ግዢ የወጣውን ጽሑፍ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዓረብ አገሮች የሚሠሩ ወጣቶቻችን ከአውሮፕላን በፓራሹት የመዝለልን ስፖርት እየተማሩ መሆናቸውን የሚገልጸውን ጽሑፋችሁን ያነበብኩት በደስታ ነበር። የራሱን መሣሪያ ለመያዝ የሚፈልግ ጀማሪ ያገለገለ ቢገዛ ወጪው በእጅጉ እንደሚቀንስለት መጻፋችሁም ትክክል ነው። ቅር ያሰኘኝ፣ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን ማየት እንዳለበት ሲነሳ፣ ቀለሙ ያልለቀቀና ጨርቁ ያልተቀደደ ዕቃ ይምረጥ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ነው። በዚህ ምክር ብቻ የተመራ ሰው ምን እንደሚገጥመው በቤተሰቤ ስላየሁ፣ ቀሪውን በዝርዝር እንዳቀርብ ዓምዳችሁን እንድትፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

በወጣትነቴ በውትድርና ሳለሁ ሥራዬ የወታደር ዣንጥላ፣ ማለትም ፓራሹት ማጠፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ጅማ፣ ሕርማታ፣ የጭነት መኪና ሸራ፣ ድንኳንና የወንበር ልብስ በመስፋት ነው። የስፖርት ፓራሹት ለማጠፍም ሆነ ለመጠገን የሚያበቃ ፈቃድ የለኝም። ክርና ጠፍር ግን አውቃለሁ፤ የጎደለኝንም በእህቴ ልጅ ምክንያት ዱባይ ያለ አንድ ባለሙያ በስልክ እየጠየቅሁ ተምሬያለሁ።

የእህቴ ልጅ የምትሠራው ዱባይ ነው። ሥልጠናዋን እዚያው እንደጨረሰች አውሮፓ ከሚኖር ሻጭ በኢንተርኔት ያገለገለ የፓራሹት ቦርሳ ገዛች፤ ለፋሲካ ስትመጣም ይዛው መጣች። በሱቄ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋው ሰማያዊ ቀለሙ ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር። የአንዱን እግር ጠፍር እያሳየችኝ «ጋሼ፣ እስቲ እዚህች ጋ የተፈታችውን ክር ብቻ ይስፉልኝ» አለችኝ። መርፌ ከማንሳቴ በፊት የፋብሪካውን መለያ ፈለግሁ። ከጀርባ መደገፊያው ላይ፣ መለያው ተሰፍቶ በነበረበት ቦታ፣ ያገኘሁት የክብሪት ሳጥን የምታክል ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅና ዙሪያዋን የተደረደሩ የመርፌ ቀዳዳዎችን ነው። በሁለቱ ማዕዘኖች የተቆረጠ ክር ጫፍ ቀርቷል። መለያው ተላጦ አልወደቀም፤ በመቀስ ወይም በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። አዲስ የመሰለን ቀለም ምን ያህል እንደለቀቀ የገባንም ከዚያች ደማቅ ቦታ ጋር ስናስተያየው ነው። ክሩን አልሰፋሁላትም።

ዘላዮች ኮንቴይነር የሚሉት ይህ ቦርሳ ከትከሻና ከእግር ጠፍሮቹ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሰፋ ዕቃ ነው። ውስጡ ለሁለት ተከፍሎ ከላይ መጠባበቂያው፣ ከታች ዋናው ፓራሹት ይታጠፍበታል። ፓራሹቶቹ ለብቻቸው ሊሸጡና ሊለወጡ ስለሚችሉ ብዙ ጊዜ ለገበያ የሚቀርበው ባዶው ቦርሳ ነው። ባዶ መሆኑም ገዢውን ያዘናጋዋል፤ ሰውየውን ከፓራሹቱ ጋር የሚያያይዘው ግን ሌላ ነገር የለም፣ ይኸው ጠፍር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃው ማንነት መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት የጸደቀ ቦርሳ ቲኤስኦ ሲ23 የሚባለውን መስፈርት ማሟላቱን የሚገልጽ መለያ አለው፤ ከቁጥሩ ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ደግሞ የመስፈርቱ የትኛው እትም እንደሆነ ታሳያለች። በመለያው ላይ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ተከታታይ ቁጥሩና የተሠራበት ጊዜ ይገኛሉ፤ የሚፈቀደው የክብደትና የፍጥነት ወሰንም በዚሁ መለያ ወይም በመስፈርቱ ምድብ ይታወቃል። ለምሳሌ ሲ23ሲ በተባለው እትም ምድብ ቢ እስከ 254 ፓውንድ፣ ማለትም 115 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደትና እስከ 150 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት የተወሰነ ነው። መለያው የሚሰፋበት ቦታ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዳንዱ በጀርባ መደገፊያው ላይ፣ አንዳንዱ በመጠባበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ሌላው በአንዱ ክዳን ሥር ያደርገዋል። ሻጩ ይህንን መለያ በጉልህ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካልላከ ስለ ዋጋ መነጋገር ጊዜው ገና ነው።

ከውጭ በኩል የተጠለፈው ስም መለያውን አይተካም። ቬክተር የሚል ስም ካላቸው ቦርሳዎች መካከል ቬክተር 2 አለ፣ ቬክተር 3ም አለ፤ ጃቬሊን ለተባለው የቦርሳ ሞዴልም ኋላ ጃቬሊን ኦዲሲ የሚባል ተከታይ መጥቶለታል። በአሠራራቸው የሚለያዩ ናቸውና ገዢው የትኛውን እንደያዘ ማወቅ አለበት። ስሙን በጥልፍ መጻፍማ ለእኔም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ተከታታይ ቁጥሩ የሚጠቅመው ደግሞ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አምራቾች ጉድለት ሲያገኙ የሚያወጡት የደኅንነት ማሳሰቢያ የሚመለከታቸውን ቦርሳዎች በሞዴል፣ በተሠሩበት ጊዜና በቁጥር ለይቶ ነው፤ ቁጥር የሌለው ዕቃ በማሳሰቢያው ውስጥ ይግባ አይግባ፣ ጥገናው ይደረግለት አይደረግለት ማንም ሊናገር አይችልም። ሁለተኛ፣ የተሰረቀ መሣሪያ የሚፈለገው በዚሁ ቁጥር ነው። የእህቴ ልጅ የተሰረቀ ዕቃ ገዝታለች ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አይደለም ለማለትም ማስረጃ የላትም። ይህ ጥርጣሬ ራሱ የሚያሳፍራት ነገር ሆኖባታል።

ከመለያው ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀቱ ነው። መጠባበቂያውን የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ ዘላዮች ሪገር የሚሉት፣ ባጠፈ ቁጥር ቀኑን፣ የሠራውን ሥራና የፈቃድ ቁጥሩን በመዝገብ ካርድ ላይ ጽፎ ይፈርማል፤ መዝጊያውንም በቀይ ክርና የራሱ ምልክት ባለበት የእርሳስ ብረት ማኅተም ያሽጋል። በአሜሪካ ይህ እጥፋት የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 መጨረሻ ድረስ 120 ቀን ነበር። ካርዱን አንብቦ ዓመታቱን መቁጠር ቀላል ነው። በየጊዜው በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ የታየ ቦርሳና አንድ ጊዜ ታጥፎ አሥር ዓመት መደርደሪያ ላይ የተኛ ቦርሳ በፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ካርዱ ነው። መጠባበቂያው አብሮ የሚሸጥ ከሆነም የእሱ መለያ ለብቻው ይነበብ፤ ፐርፎርማንስ ዲዛይንስ የተባለው አምራች በመጠባበቂያዎቹ ላይ ለእያንዳንዱ እጥፋትና ለእያንዳንዱ አጠቃቀም ምልክት የሚደረግበት ሣጥን አትሟል፤ 40 እጥፋት ወይም 25 አጠቃቀም ሲሞላ ፓራሹቱ ለምርመራ ወደ ፋብሪካው መመለስ አለበት።

አሁን ወደ ጠፍሩ ልምጣ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ብዘገይ አንባቢ ይታገሰኝ። ናይለን ከቢላዋ ይልቅ የሚጎዳው በፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር ክሩን ከውስጥ ያደክመዋል፤ የደከመው ክር ከላይ ሲያዩት ግን ሙሉ ነው። በመሆኑም ቀለምን መመልከት ዋጋ የሚኖረው ፀሐይ የሚያገኘውን ክፍል ከተሸፈነው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ሲያስተያዩት ነው፤ ክዳኑን ገልጦ ውስጡን፣ ጠፍሩንም በብረቱ ሥር ካለፈበት ቦታ ስቦ ማየት ያስፈልጋል። በእህቴ ልጅ ቦርሳ ላይ የእግሩን ጠፍር ከማጥበቂያው ብረት ሳወጣው፣ ብረቱ ዘወትር በሚነክሰው ቦታ ዳርና ዳሩ እንደ በቆሎ ፀጉር ተበትኗል። መልሼ አስገብቼ አጥብቄ በሙሉ ክብደቴ ስስበው ቀስ እያለ ተንሸራተተ። ልጅቷ ስፉልኝ ያለችው ክር ከዚህ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር፤ ቢሰፋም ባይሰፋም ዋናው ጉዳት እሱ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ጠፍር ፈቃድ የሌለው ሰው መንካት የለበትም፤ ሸራ የሚሰፋ ማሽን ያለው ሁሉ ሊሰፋው የሚችል ይመስላልና ይህንን በተለይ ለሙያ ጓደኞቼ እናገራለሁ። የክሩ ዓይነት፣ የስፌቱ ቅርጽና በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የመርፌ ብዛት ሳይቀር በአምራቹ የተወሰነ ነው።

በትከሻው ላይ ያሉት ሦስት ቀለበቶችም በዓይን ብቻ መታለፍ የለባቸውም። ቢል ቡዝ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈለሰፈው ይህ መላ፣ ትልቁ ቀለበት የተሸከመውን ኃይል ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ትንሹ እየቀነሰ አውርዶ በመጨረሻ አንዲት ቀጭን የጨርቅ ማሰሪያ እንድትይዘው ያደርጋል፤ ዋናው ፓራሹት ሲበላሽ ዘላዩ እጀታውን ስቦ ሽቦውን ካወጣ ማሰሪያዋ ትለቃለች፣ ፓራሹቱም ይላቀቃል። ጠፍሩ ከደረቀና ከቆሻሻ የተነሳ ከተገተረ ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደልብ አይገለበጡም። ለዚህ ነው አምራቾች በየወሩ ተፈትቶ እንዲታሽና ሽቦው እንዲጸዳ የሚያዝዙት። ገዢው ማሰሪያዋ መበላቷን፣ ሽቦው መጣመሙን፣ ቀለበቱ መዛጉን ይመልከት። መዝጊያ ገመድ የሚያልፍባቸው በብረት የተከበቡ ቀዳዳዎችም ጠርዛቸው ከተላቀቀ ወይም ከተሳለ ገመዱን ይበሉታል።

ዕድሜ በዲዛይንም ይታያል። ዋናውን ስቦ የሚያወጣው ትንሹ ፓራሹት በጥንቶቹ ቦርሳዎች በእግር ጠፍር ላይ ባለ ኪስ ይቀመጥ ነበር፤ በአሁኖቹ ከቦርሳው ግርጌ ባለ ላስቲክ ኪስ ውስጥ ነው። ላስቲኩ ከላላ ፓራሹቱ ዘላዩ ሳይፈልግ ሊወጣ ይችላል። ክዳኖቹ በቬልክሮ የሚዘጉ ከሆነም ቬልክሮ እያረጀ መያዙን እንደሚተው ማሰብ ነው።

መጠኑን በተመለከተ ሁለት ልክ አለ። አንደኛው የሰውነት ነው፤ ጠፍሩ የተሰፋው ለአንድ ሰው ቁመትና ደረት ስለሆነ ከትከሻው ቀለበት እስከ ዳሌ ያለው ርዝመት ካልገጠመ ማጥበቂያ አያስተካክለውም፤ ማሳጠርም ሆነ ማስረዘም የአምራቹ ወይም ከፍተኛ ፈቃድ ያለው ሪገር ሥራ ነው፤ ወጪውም በቅናሽ የተገኘውን ገንዘብ ሊበላው ይችላል። ሌላው የፓራሹቱ ልክ ነው። ጀማሪ ከነመሣሪያው ያለው ክብደት በፓውንድ ተሰልቶ ቢያንስ በዚያው ቁጥር ልክ ስኩዌር ፊት ያለው ፓራሹት እንዲይዝ ይመከራል። የእህቴ ልጅ 60 ኪሎ ናት፤ ከመሣሪያዋ ጋር 72 ቢደርስ ወደ 160 ፓውንድ ይሆናል፤ አሠልጣኟም ባለ 170 ስኩዌር ፊት ፓራሹት እንድትይዝ መክሯታል። በርካሽ የሚገኙት ብዙዎቹ ቦርሳዎች ግን ልምድ ያላቸው ዘላዮች ወደ ሌላ ሲያልፉ የተዋቸው፣ ለትንንሽ ፓራሹት የተሠሩ ናቸው። አስጨንቆ ማስገባት ይቻላል፤ የመጠባበቂያው ክፍል ከልክ በላይ ሲጠቀጠቅ ግን በችግር ሰዓት መዘግየትን ያመጣል።

ሻጩ ሳይፕረስ አለው ቢል የተሠራበትን ቀን መጠየቅ ይበቃል። ዘላዩ ሳይከፍት ቢቀር መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍተው ይህ የጀርመን መሣሪያ የአገልግሎት ዘመኑ የተወሰነ ነው፤ ሳይፕረስ 2 የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የተሠራው 12 ዓመት ተኩል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው 15 ዓመት ተኩል ነው። ዘመኑ ያለፈበት ዕቃ በዋጋው ውስጥ መቆጠር የለበትም።

በበዓልና በእረፍት መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ጅማ ለሚመጡት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማችንን ዝናብና እርጥበት ታውቁታላችሁ፤ በክረምት እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሸራ ምን እንደሚሸት እኔ በየዓመቱ አያለሁ። ቦርሳውን ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ከፀሐይ ጋርዶ፣ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ክፍል ማስቀመጥ ይገባል። በጠፍር ላይ የዝገት እድፍ ካለ ብረቱ የቆየበትን ሁኔታ ስለሚናገር፣ ስትገዙም ይህንን ፈልጉ።

የክፍያውን ነገር በሚመለከት፣ ዕቃው በሻጩ ሳይሆን በገዢው ምርጫ ወደሚታመን ሪገር ተልኮ፣ ተከፍቶና ተመርምሮ ውጤቱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡ ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ። ለምርመራው የሚከፈለው ከቦርሳው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

የእህቴ ልጅ ዱባይ ስትመለስ ቦርሳውን ለሪገሩ አሳየችው። ከ135 ስኩዌር ፊት በላይ የሆነ ፓራሹት እንደማይይዝ ለክቶ ነገራት፤ መለያ በሌለው ቦርሳ ውስጥም መጠባበቂያ እንደማያጥፍ ነግሮ መለሰላት። ሻጩ ለጻፈችለት መልእክት እስካሁን መልስ አልሰጠም። የስድስት ወር ቁጠባዋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልትገዛው የምታስበውን የሌላ ቦርሳ ፎቶግራፎች ላከችልኝ፤ የመጀመሪያው ፎቶ የመለያው ነበር፣ ቁጥሩንም በስልክ አብረን አነበብነው።

ከአክብሮት ጋር
ሸራ ሰፊው አንባቢያችሁ
ሕርማታ፣ ጅማ